የወይዘሮ ዘርፈሽዋል በር የተከፈተበት ቅዳሜ

ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ወልደሩፋኤል በደብረ ብርሃን ከተማ ያለውን ቤታቸውን በአንድ ቀን ለገዢ ሁሉ ከፍተው ለማሳየት የቆረጡት ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 17 ቀን 1954 ዓ.ም. ነው። ቀኑን በትክክል የማውቀው ማስታወቂያውን በእጄ የጻፍሁላቸው እኔ ስለ ሆንሁ ነው። በዚያን ጊዜ መምህርም፣ የሰፈሩ እድር ጸሐፊም፣ የእርሳቸውም ጎረቤት ነበርሁ።

ወይዘሮ ዘርፈሽዋል በአንኮበር ከካህን ቤት የተወለዱ ሴት ናቸው። ባላቸው አቶ ወልደ ሰንበት ኮርቻ ሠሪ ነበሩ፤ ቤቱን ሠርተው በሦስተኛው ዓመት በሳንባ ምች ሞቱ። ሚስታቸው ከዚያ በኋላ ዐሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ የበግ ጠጉር እየፈተሉ ለባና ሠሪዎች በመሸጥ አንድ ልጃቸውን ይርጋለምን አሳደጉ። ይርጋለም ተማሪዬ ነበር። በትምህርቱ የተመሰገነ አልነበረም፤ ያልገባውን ግን አልገባኝም ለማለት አያፍርም ነበር፤ ይህም ራሱን የቻለ ዕውቀት ነው። ካደገ በኋላ ወታደር ሆነ፤ በ1953 ዓ.ም. ወደ ኮንጎ ከዘመተው ጦር ጋር ሄደ።

ለቤቱ ሽያጭ ምክንያት የሆነው የዚህ ልጅ ደብዳቤ ነው። «ስመለስ ደብረ ሲና ላይ፣ መኪኖች ከሚቆሙበት መንገድ ዳር ምግብ ቤት ብንከፍት ደስ ይለኛል፤ የደብረ ብርሃን ብርድም ለእናቴ ደረት አይስማማም» ይላል። ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበብሁላቸው። በሳምንቱ ደብረ ሲና ወርደው መንገድ ዳር አንድ ቤት አይተው መጡ፤ ባለቤቱም እስከ ጥምቀት ድረስ ለሌላ እንደማይሸጠው ቃል ገባላቸው። ልጃቸው ሲመለስ የተመኘው ነገር ተዘጋጅቶ እንዲጠብቀው ፈለጉ። የሚሸጠው አሮጌው ቤት ብቻ ነበር።

በዚያ ዘመን ቤት የሚሸጠው በሹክሹክታ ነው። ደላላው ገዢውን እንግዳ አስመስሎ አንድ በአንድ ያመጣል፤ ጎረቤት የሚሰማው ቁልፉ ከተላለፈ በኋላ ነው። ደላላው ገብረ ሕይወት ግን ሌላ ምክር ይዞ መጣ።

«እሜቴ፣ አንድ አንዱን ካመጣሁብዎ ጣራው ያፈሳል፣ ግድግዳው ዘሟል እያለ ያቃልልብዎታል። በገበያ ቀን ሁሉንም በአንድነት ብንጠራቸው ግን ቤቱን ትተው እርስ በርሳቸው ሲተያዩ ይውላሉ።»

«ቤት ነው በግ ነው የምትሸጥልኝ?» አሉት።

«በግማ ቢሆን ላቱን አስዳብሼ ድሮ ጨርሼ ነበር።»

የነፍስ አባታቸው መምሬ ገብረ ጻድቅ ነገሩን አልወደዱትም። በር ወለል ብሎ ተከፍቶ ሰው ሲገባና ሲወጣ የሚታየው በሰርግ ወይም በልቅሶ መሆኑን አስታወሷቸው፤ በገዛ እጅ መጥራት አይገባም ሲሉም መከሯቸው። ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ሦስት ቀን አሰቡበት። በመጨረሻም ለሰርግ ይሁንልኝ ብዬ እከፍተዋለሁ አሉ፤ ማስታወቂያውንም አጻፉኝ። ቀኑ ከገና በኋላ፣ ቅዳሜ ጥር 5፣ ሆነ። በማግሥቱ ግድግዳውን በጭቃና በእበት መለቅለቅ ጀመሩ።

ታኅሣሥ 26 ቀን ከጦሩ የተላከ ሰው በመምሬ ገብረ ጻድቅ ቤት ተገኘ። ይርጋለም በሩቅ አገር በንዳድ ታሞ ሞቶ ነበር።

ያን ቀን ማታ የእድሩ ሽማግሎች ከመምሬ ዘንድ ተሰበሰብን። በአገራችን ልማድ መርዶ ለእናት እንደ ተገኘ አይነገርም፤ የሥጋ ዘመድ ባለበት፣ ሊነጋጋ ሲል፣ በገዛ ቤቷ ትረዳለች። ለገና በዓል ሦስት ቀን ቀርቶ ነበር፤ በዓሉን አናበላሽባቸው ተባለ። ያላቸው የሥጋ ዘመድ አንኮበር ያለችው ታናሽ እኅታቸው አስካለማርያም ብቻ ነበረች። ሰው ላክንባት፤ እግሯን ወለም ብሏት ስለ ተኛች ከጥር 5 በፊት መምጣት እንደማትችል መለሰች። ስለዚህ እኅቲቱ ቅዳሜ መጥታ በመምሬ ቤት እንድታድር፣ መርዶውም እሑድ ሊነጋ ሲል እንዲነገር ቆረጥን። የቤቱ ማሳያ ከዚያ በፊት እንደሚውል ሁላችንም እናውቅ ነበር። አንድ ቃል ብለን እናስቀረዋለን ብለን ተማመንን።

ሐሙስ ጥር 3 መምሬና እኔ ሄድን። ማሳያው ለአንድ ሳምንት ይቆይ ብለን ለመንናቸው። ጥምቀት ካለፈ የደብረ ሲናው ቤት ለሌላ እንደሚሸጥ አስረዱን። እኛም መልሰን ያንኑ ለመንን። ያን ጊዜ ጭቃ የነካ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው ቀጥ ብለው ቆሙ።

«ምክንያቱን ንገሩኝና እተወዋለሁ። ምክር የማልሰማ ሴት አይደለሁም።»

መምሬ መስቀላቸውን ተመለከቱ። እኔ አዲሱን የግድግዳ ልቅልቅ ተመለከትሁ። ተጠይቆ ዝም የሚለውን ተማሪ በእንብርክክ የማስኬድ መምህር ነበርሁ።

ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ሳቁ። «ቤቱን ለራስዎ አስበውት ይሆናል፣ አባ። እንዲያ ከሆነ ቅዳሜ ከሰው ጋር ይምጡ።»

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ የበሩ ሁለት መዝጊያ ተከፈተ። ከገበያ የመጡ ዐሥራ አምስት ያህል ሰዎች ገቡ፤ ከፊሉ ገዢ፣ ከፊሉ ተመልካች ነበር። ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ነጭ ለብሰው ማገሩን፣ ጓዳውን፣ ጉድጓድ ውኃውን ያሳያሉ። ከመዘዞ የመጣው የስንዴ ነጋዴ አቶ ባፈና ምሰሶውን በጡጫው እየመታ ዞረ፤ ወደ ጥግ ያለችውን የጠፍር አልጋ አይቶም ከቤቱ ጋር ትሸጥ እንደ ሆነ ጠየቀ።

«እርሷ የልጄ ናት። ደብረ ሲና ይዣት እወርዳለሁ» አሉት።

መምሬ ይህን ሲሰሙ ወደ ደጅ ወጡ። አቶ ባፈና ባለቤቲቱ ከተመኙት በላይ የሆነ ዋጋ ሰጠ፤ ገብረ ሕይወት ሁለቱን እጅ ለእጅ አማታቸው። ወይዘሮ ዘርፈሽዋልም ወደ እኔ ዞረው ውሉን እንድጽፍ አዘዙኝ። ወረቀቱን ጕልበቴ ላይ ዘረጋሁ፤ ቀኑንና የሻጭን ስም ጻፍሁ። ከዚያ በላይ እጄ አልሄደም።

በዚህ መካከል አስካለማርያም በበቅሎ ከአንኮበር ደረሰች። ወደ መምሬ ቤት የሚወስደው መንገድ በዚያው ደጅ ያልፋል። ወለል ብሎ የተከፈተ በር፣ በደጅ የቆመ ጋቢ የለበሰ ሰው፣ በመካከሉም ራሳቸውን የደፉ ካህን አየች። መርዶው እርሷ ሳትደርስ የተነገረ መሰላት። የአገራችን ሰው ይህን ሁሉ በአንድነት አይቶ ሌላ ነገር አያስብም። ከበቅሎዋ ወርዳ ነጠላዋን አዘቀዘቀች፤ እያነከሰች፣ ደረቷን እየደቃች ገባች።

«ወይ ይርጋለም! ወይ የእኅቴ ልጅ! እኔ ሳልደርስ ነገሯት?»

ወይዘሮ ዘርፈሽዋል እኅታቸውን አዩ፤ ቀጥለውም በበሩ በኩል መምሬን አዩ።

«ምክንያታችሁ ይህ ነበር?» አሉ።

መምሬ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ሄደው በጠፍር አልጋዋ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ የሰማነውን ድምፅ ልጽፈው አልሞክርም። ቤት ሊገዙ ከመጡት ሰዎች አንድም የሄደ የለም። አቶ ባፈና ባርኔጣውን አውልቆ መሬት ላይ ተቀመጠ፤ ገብረ ሕይወት ድንኳን ሊያመጣ ሮጠ።

ከአርባው በኋላ ልጠይቃቸው ገባሁ። እንዝርቱ በእጃቸው ነበር፤ አይፈትሉም። ቁጣ የሌለበት ነገር ተናገሩኝ።

«ዘጠኝ ቀን እኮ ነው፣ የኔታ። እናንተ ከመምሬ ቤት አልቅሳችሁ ስትወጡ እኔ ግድግዳ እለቀልቅ ነበር። ገናን በልቻለሁ። ከእናንተ ጋር ስቄአለሁ። ልጄ ሞቶ የሳቀች እናት አደረጋችሁኝ።»

በዓላቸውን ጠበቅንላቸው ብለን ነበር፤ የጠበቅነው ግን እርሳቸውን ፊት ለፊት ከማየት ራሳችንን ነው። ልማድ ርኅራኄን ያስተምራል፤ ፍርሃትንም የርኅራኄ ልብስ ያለብሰዋል።

የደብረ ሲናው ቤት ለሌላ ሰው ሆነ። በሚያዝያ ወር አቶ ባፈና ከሐሳቡ እንደ ተመለሰ ሊነግራቸው መጣ፤ ያዘነበትን ቤት መግዛት አፍሮ ነበር። እርሳቸው ግን ለማን ላኑረው ብለው ሸጡለት። ያን ጊዜ ያሳዩት ክፍል አልነበረም። አልጋዋን በበቅሎ አስጭነው ወደ እኅታቸው አንኮበር ሊወጡ ሦስት ቀን ሲቀራቸው ወደ እድሩ ስብሰባ መጡ። ሴት በዚያ ሸንጎ ቆማ ስትናገር ያየነው የመጀመሪያው ነበር። የለመኑት አንድ ነገር ነው፤ ከሽማግሎቹም የተቃወመ አልተገኘም። በመዝገቡ ላይ የጻፍሁት እኔ ነኝ።

ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ኅዳር 3 ቀን 1961 ዓ.ም. በአንኮበር ዐረፉ። በእንዝርት አንድ ልጅ አሳድገዋል፤ በሰፈራችን እድርም በዓል ቢሆን፣ ዘመድ ባይደርስም፣ መርዶ ከማግሥቱ ንጋት እንዳያልፍ የሚያዝዝ ደንብ አስጽፈዋል።