ቀለሙ ያረፈው ዘጠኝ ቁጥር ላይ ነበር

ባለፈው እሑድ እዚህ ባሕር ዳር፣ ፋሲሎ ሰፈር ውስጥ ጎረቤቴ ቤት ለክርስትና ድግስ ተጠርቼ ሄድሁ። ጥሩ ቦታ ደረሰኝ። ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ድንኳኑን አልፎ ያገኘኛል፤ ወጡም እጅ የሚያስቆረጥም ነበር። ከፊት ለፊቴ የተቀመጠ ከረባት ያሰረ ሰውዬ ስለ ዘመኑ ክፋት ያወራል። ወንድ ከወንድ፣ ሴት ከሴት ስለሚባለው ነገር ነው። ድግስ ላይ ብዙ ይወራል፤ ዝም ብዬ በበላሁ ነበር። ግን እጁን አነሣና፣ «እንስሳ እንኳ እንዲህ አያደርግም» አለ።

የቤቱ እመቤት ወደ እኔ ዞር አለች። «እትዬ ትብለጥ እያሉልን! ዕድሜዎን ከበግና ከላም ጋር አይደል የጨረሱት? እስቲ እርስዎ ይመስክሩ» አለችኝ።

ገና መጉረሴ ነበር፤ ደሜ ፈላ። ያችን ዓረፍተ ነገር ሀያ ሁለት ዓመቴ ሳለ ሰምቻታለሁ። አንድ ሽማግሌ እንጀራቸውን ያጡት በእሷ ሰበብ ነው፤ ያጡትም በእኔ እጅ ነው።

ያኔ ከእርሻ ኮሌጅ ወጥቼ ገና ወር አልሞላኝም። የመጀመሪያ ሥራዬ ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ፣ ወደ ጢስ ዓባይ በሚወስደው መንገድ በኩል፣ አንዲት የበግ ማርቢያ ጣቢያ ውስጥ መዝጋቢነት ነበር። ጣቢያዋ ዛሬ የለችም፤ ስሟን መጥራትም አያስፈልግም። ጧት በተገኘው መኪና እሄድና ወርጄ ግማሽ ሰዓት ያህል በጭቃ እጓዛለሁ። የሐምሌ ጭቃ ጫማ ያወልቃል። ስደርስ እግሬን የማሞቅበት እሳትና አንድ ጣሳ በሶ ይጠብቁኛል። ሁለቱንም የሚያዘጋጁልኝ የበጎቹ ጠባቂ አያ ስሜነህ ነበሩ።

አያ ስሜነህ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጭን፣ ሳቃቸው ድምፅ የሌለው ሰው ነበሩ። በዚያች ጣቢያ አሥራ አንድ ዓመት ሠርተዋል። መሬታቸውን ለልጆቻቸው አካፍለው ስለጨረሱ፣ ከባለቤታቸው ጋር የሚኖሩት በዚያች ደመወዝ ብቻ ነበር። ፊደል አልቆጠሩም። ግን እኔ የጆሮ ቁጥር ሳነብ እሳቸው በጎቹን ከሩቅ፣ በአረማመዳቸው ይለዩዋቸዋል።

ሥራችን እንዲህ ነው። አያ ስሜነህ ጧት ቀይ አፈር በኑግ ዘይት ይለውሱና የአውራውን በግ ደረት ይቀቡታል። አውራው የወጣባት በግ ሁሉ ዳሌዋ ላይ ቀይ ምልክት ይቀራል። ማታ በጎቹ ሲገቡ እኔ በር ላይ ቆሜ ቀለም ያለባትን እየለየሁ እጽፋለሁ። በእኛ ሙያ በግም ሆነች ላም ከወንድ ጋር ስትገናኝ «ተጠቃች» ይባላል። መዝገቡም ሁለት ዓምድ ነበረው፤ በአንዱ «የአውራው ቁጥር»፣ በሌላው «የተጠቂዋ ቁጥር» የሚል።

የዚያ ዓመት አውራ ዳማ ይባል ነበር፤ ቁጥሩ አሥራ አራት። ከዱርቤቴ ገበያ ራሱ ኃላፊያችን መርጦ ያመጣው፣ ሰፊ ደረት ያለው፣ ያማረ በግ ነው። ኃላፊያችንን ያኔ አንቱ እለው ነበር፤ ዛሬ አልልም። በዚያ በግ ያልፎከረበት ስብሰባ አልነበረም። የዳማን ደረት ቀብተን ከሴቶቹ ጋር ለቀቅነው። ማታ አየሁ፤ አንዲትም ቀይ የለም። በማግሥቱም የለም። በአራተኛው ቀን ቀይ ዳሌ አየሁና ደስ ብሎኝ ቁጥሩን ለማንበብ ጎንበስ አልሁ። ዘጠኝ ቁጥር ነው። ዘጠኝ ቁጥር ለሚቀጥለው ዓመት የምናሳድገው ሌላ አውራ ነበር።

«ተጣልተው ነው?» አልሁ።

አያ ስሜነህ በዚያ ድምፅ በሌለው ሳቃቸው ሳቁ። «ኧረ ምን ተጣልተው። ፍቅር ናቸው። እኔ ገና ውኃ ሳወርዳቸው አይቻለሁ፤ ሴቶቹን ዞሮ አያይም፤ እሱን ነው የሚከተል። እንዲህ ያለ አውራ አልፎ አልፎ ይወጣል፣ ልጄ። አባቴም ነበራቸው።»

«አባትዎ ምን አደረጉት?»

«ምን ያደርጉታል? ሌላ አውራ ገዙ፤ እሱን ከመንጋው ጋር ተዉት። በግ እኮ ነው።»

ነገሩ ይኸው ነበር። አንድ ያልተማረ ሰው በአንድ ትንፋሽ የጨረሰው ነገር። በዚያው ሳምንት ሌላ አውራ እንዲላክልን የእሳቸውን ቃል ጽፌ ለኃላፊው ላክሁ። መልስ አልመጣም። እኔም በየማታው ያየሁትን እጽፋለሁ፤ «የአውራው ቁጥር» በሚለው ሥር አሥራ አራት፣ «የተጠቂዋ ቁጥር» በሚለው ሥር ዘጠኝ። የሴት አመልካቿን «ዋ» እንኳ አልሰረዝኋትም፤ መዝገቡን ያተመው ሰው ሌላ ቃል አላዘጋጀልኝም።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ ኃላፊው ከከተማ መጣ። ዝናቡ ለጊዜው አባርቶ ነበር፤ ደጁ ግን ውኃ ተኝቶበታል። ከጠረጴዛዬ ተቀምጦ መዝገቡን ገለጠ፤ ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁት።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ያየሁት ነው።»

«ዘጠኝ ቁጥር ወንድ ነው እኮ።»

«አዎ፣ ወንድ ነው።»

«እንስሳ እንዲህ አያደርግም» አለ።

አያ ስሜነህ በሩ ላይ ቆመው ነበር፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው ይዘዋል። «ጌታው፣ በጎቹ እዚችው ናቸው። ብቅ ብለው ይዩዋቸው፤ የዛሬው ቀለም ገና አልደረቀም» አሉት።

«አንተን ማን ጠየቀህ?» አላቸው። በአባቱ ዕድሜ ያሉትን ሰው «አንተ» አላቸው።

ከጠረጴዛው እስከ በረቱ ሀያ እርምጃ አይሞላም። ኃላፊው ወደ ጭቃው አየ፤ የተወለወለ ጫማውን አየ፤ ከወንበሩ አልተነሣም። ዛሬም ድረስ የሚያበግነኝ ይህ ነው። ባያምነን ግድ የለም፤ ሰው ያላየውን ላያምን ይችላል። ግን ሀያ እርምጃ ነበር። ማየት የማይፈልግ ሰው፣ ያየውን ሰው ውሸታም ያደርጋል።

ገጾቹን ከመዝገቡ ቀደዳቸውና ኪሱ ከተተ። በጉን የመረጠው እሱ ነው፤ አውራው ከሴቶቹ የሚገናኝበት የስሪያ ወቅት አልፏል፤ ግልገል አይኖርም። ለበላይ የሚቀርብ ምክንያት ያስፈልገዋል። እሱ እየነገረኝ፣ እኔ እንዲህ ብዬ ጻፍሁ፦ «ጠባቂው አውራውን ከእናት በጎች ጋር በወቅቱ ባለማገናኘቱ ስሪያ አልተካሄደም።»

ጻፍሁ። ጽሕፈቴም ቆንጆ ነበር። የሙከራ ጊዜዬን አልጨረስሁም፤ እናቴ ደመወዜን ትጠብቃለች፤ ኃላፊውን እፈራዋለሁ። ሦስቱም እውነት ናቸው። ሦስቱም ተደምረው የጻፍሁትን አያስተካክሉትም።

ሳምንት ሳይሞላ አያ ስሜነህ ከሥራ ተሰናበቱ። የእኔን ዓረፍተ ነገር የጠቀሰውን የስንብት ወረቀት አንብቤ የነገርኋቸውም እኔ ነበርሁ፤ ሌላ የሚያነብላቸው ሰው አልነበረም። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ በትራቸውን አነሡና፣ «ልጄ፣ ያየሽውን ጽፈሽ ነበር። አሁን ያላየሽውን ጻፍሽ» አሉኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ዳማን ለዘመን መለወጫ አረዱት። ለሠራተኛው ሁሉ ሥጋ ተከፋፈለ፤ ኃላፊውም ድርሻውን በላ። ሥጋው ከማንም በግ ሥጋ አልተለየም።

በኋላ አንድ ጊዜ ስኳር ይዤ ቤታቸው ሄድሁ። ባለቤታቸው የዳጉሳ ጠላ ቀዱልኝ። አያ ስሜነህ ስለ ዝናቡ፣ ስለ በቆሎው አጫወቱኝ። ስለዚያ ወረቀት እሳቸው አላነሡም፤ እኔም ይቅርታ ለማለት ሄጄ ሳልል ወጣሁ።

ከዚያ ወዲህ ሥራዬ ሁሉ ከከብት ጋር ሆነ፤ ላም ሳዳቅል ኖሬ ጡረታ ወጣሁ። ላም ያለው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ላም መድራቷ፣ ማለትም ኮርማ መፈለጓ፣ ከሚታወቅባቸው ምልክቶች አንዱ በሌላ ላም ላይ መውጣቷ ነው። አዳቃይ የሚጠራው ያኔ ነው። ያ ከረባት ያሰረ ሰውዬ ጧት የሚጠጣው ወተት የሚገኘው፣ አንድ ሰው በረት ገብቶ ይህን ስላየ ነው። ወተቱን ጠጥቶ፣ አፉን ጠርጎ፣ «እንስሳ እንኳ» ይላል።

ድንኳኑ ውስጥ ሁሉም ይጠብቁኛል። ጉርሻዬን ዋጥሁ።

«ያደርጋሉ» አልሁ። «በዓይኔ አይቻለሁ።»

የቤቱ እመቤት ሳቅ ለማለት ሞከረችና ተወችው። ሰውዬው ከረባቱን አስተካከለ። «እትዬ፣ ተሳስተው ይሆናል እኮ።»

«አልተሳሳትሁም፤ ጽፌውም ነበር።»

«ታዲያ በዚህ ምን ለማለት ፈልገው ነው?»

«ስለ በግ ጠየቃችሁኝ፤ ስለ በግ መለስሁ» አልሁት።

ከዚያ በኋላ ማንም ብዙ አላናገረኝም። አንዲት ሴት ቂጣና ጠላ አቀረበችልኝ፤ ጠላው የዳጉሳ ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ለማውጣት ይህን ያህል ዘመን ፈጀብኝ። ስናገረው ደግሞ ምንም አልሆንሁም፤ ያኔም ብዙ ባልሆንሁ ነበር። ቢበዛ ሥራዬን አጣ ነበር፤ ሌላ ሥራ የማገኝ ወጣት ነበርሁ። አያ ስሜነህ ግን ሌላ ሥራ ሳያገኙ፣ የተባረሩት ባልሠሩት ጥፋት መሆኑን አንድም ሰው ሳይመሰክርላቸው ሞቱ። ማየቱን አብረን አይተን ነበር።