መላሽ ቁጥር አንድ

የአንድ ሰው ዕድሜ ተጨምቆ ምን ያህል ይወጣዋል? ካህኑ በምግባሩ ይለካዋል፤ ጎረቤት ቀብሩ ላይ በቆመው ሰው ብዛት። የአያ የሻው ግን ሞቱን ሳይጠብቅ ተለክቷል፦ ሠላሳ አንድ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ሁለት የዶክትሬት ጥናት፣ በእንግሊዝኛ የታተሙ አራት መጣጥፎች። በአንዳቸውም ውስጥ ስሙ የለም። በሁሉም ውስጥ ግን እሱ አለ፤ ከሞላ ጎደል ሁሌም "መላሽ ቁጥር አንድ" ነው።

ለዚህ ማዕርግ የበቃው በመንገድ ነው። ኮሶ ምንጭ ከአምባ ጊዮርጊስ ወዲያ አስፋልት ዳር ያለች መንደር ናት። ጠዋት ከጎንደር የተነሣ ተማሪ ረፋዱ ላይ ይደርስባታል፤ ሳይመሽ ተመልሶ ፒያሳ ማኪያቶውን ይጠጣል። ከገደሉ ማዶ ያሉት መንደሮች ችግራቸው እንደሚብስ ሁሉም ያውቃል። ግን አራት ሰዓት በእግር ያስኬዳሉ፤ ዕውቀት ደግሞ ዳገት አይወድም። ስለዚህ መንገዱ ሰላም በሆነ ቁጥር፣ ጥናቱ የትራኮማም ይሁን የአፈር መሸርሸር፣ ዕጣው ኮሶ ምንጭ ላይ ይወድቃል። ጽሑፉም ላይ "በዕጣ ተመረጠች" ተብሎ ይሰፍራል። ከመኪና ሲወረድ የመጀመሪያው ቤት የአያ የሻው ነው።

በሃያ ዓመት ውስጥ ሰውየው ሥራውን ተካነ። ገብሱን አጭዶ ድንቹን ቆፍሮ በተረፈው ጊዜ ሳይሆን፣ ማጭዱንም ዶማውንም አስቀምጦ ይመልሳል። የሚደነባበር ጀማሪ ሲመጣ ራሱ ያረጋጋዋል።

"ቆይ፣ አትቸኩል። መጀመሪያ ፈቃዴን ጠይቀኝ። አምና እሷን የዘለላትን ልጅ አማካሪው መልሶ ላከው።"

"እሺ። ፈቃደኛ ነዎት፣ አያ?"

"ምነው አልሆን። ቀጥል።"

"በማንኛውም ሰዓት ማቋረጥ ይችላሉ።"

"አውቃለሁ። እስካሁን ሞክሬው አላውቅም እንጂ።"

ባለቤቱ ዓይናዲስ ከጓሮ ሆና ትሰማለች። ተማሪው ሲሄድ ስለ ትብብሩ ትቶት የሄደውን ሳሙና አንሥታ ከሌሎቹ ላይ ትደረድራለች።

"ዛሬስ ምን አሉን? ድሃ ነን ወይስ መካከለኛ?"

"መካከለኛ።"

"ሸጋ ነው። አምና ድሃ ነበርን።"

አያ የሻው አንድ ጉድለት ነበረበት፤ ጨዋ ነው። እንግዳ ባዶ እጁን አይመለስም ተብሎ ያደገ ሰው ነው። "መጸዳጃ ቤት አለን" ሲል የተማሪው ፊት ሲጠቁር ያያል፤ ጥናት ችግር ይፈልጋላ። ወዲያው "አለ እንጂ አንጠቀምበትም" ይላል፤ ፊቱ ይበራል። ለመሸበት መንገደኛ መደቡን የሚለቅ ሰው፣ አንዲት መልስ ቢለቅ ምን ይጎዳዋል?

የሚጎዳውን ያወቀው በጽጌሬዳ ነው።

ጽጌሬዳ የማስተርስ ተማሪ ሆና የመጣችው ከስድስት ዓመት በፊት፣ በግንቦት ፀሐይ ነው። ገና ሳትቀመጥ ውኃ ለመነች። የመንደሩ ምንጭ ደግሞ ክረምቱ ሳይገባ ጉድ ነው፤ ከብት ቆሞ ይጠጣበታል፣ አልቅት ይዋኝበታል። ዓይናዲስ በነጠላዋ ጫፍ አጥልላ በጣሳ ሰጠቻት። ልጅቱ እስከ ታች ጨለጠችውና "እግዜር ይስጥልኝ" ብላ ብዕሯን አወጣች። ከልጅ ቁጥር፣ ከበግ ቁጥር ተነሥታ ጥያቄ ሃያ ሦስት ላይ ደረሰች።

"የምትጠጡት ውኃ ንጹሕ ነው ይላሉ?"

አያ የሻው ባዶውን ጣሳ አየ። ውኃው ልጅቱ ሆድ ውስጥ ነው። እንግዳ አጠጥቶ ሲያበቃ "ያጠጣሁሽ ቆሻሻ ነው" የሚል አባወራ በዚያ አገር ገና አልተወለደም።

"ንጹሕ ነው" አለ። ያም ሳይበቃው "መስተዋት ነው" ብሎ ጨመረበት።

ተራቸውን የሚጠብቁት ጎረቤቶች አጥሩ ሥር ተቀምጠው ሰምተዋል። ተራቸው ሲደርስ አንዱም አላፈነገጠ። "አያ የሻው እንዳለው ነው" አሉ። አርባ ሁለት አባወራ፣ አርባ ሁለት ንጹሕ። ጽጌሬዳ ምንጩን ወርዳ ልታየው ነበር፤ ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋባት። በጥናቷም የኮሶ ምንጭ ሕዝብ መቶ በመቶ ንጹሕ ውኃ ጠጪ ሆነ። እሷ በከፍተኛ ማዕርግ ተመረቀች፤ እዚያው ዩኒቨርሲቲም መምህርት ሆና ቀረች።

አምና ወረዳው ምንጮችን በሲሚንቶ ገንብቶ ቧንቧ ሊያወጣላቸው ነው የሚል ወሬ መጣ። አያ የሻው በትሩን ይዞ ወደ ውኃ ጽሕፈት ቤቱ ሄደ። ኃላፊው ምንይችል የዩኒቨርሲቲው ምሩቅ ነው፤ ተማሪ ሳለ የአያ የሻውን ድንች በኩንታል ቆጥሮ ነው የተመረቀው። ከወንበሩ ተነሥቶ ትከሻውን ሳመው።

"አያ፣ እርስዎ ባይኖሩ እኔ የት ነበርሁ።"

"እንግዲያው ምንጫችንን ሥራልን።"

ምንይችል ኮምፒውተሩን ከፍቶ ራሱን አከከ። "ከዝርዝሩ ወጥታለች። ውኃችሁ ንጹሕ ነው ይላል።"

"ማን ይላል?"

"ጥናቱ። ስም አይጠቀስም፣ ምስጢር ነው። መላሽ ቁጥር አንድ የሚባል እንዲያውም መስተዋት ነው ብሏል።"

"ያን ሰውዬ አውቀዋለሁ" አለ አያ የሻው። "አትመኑት።"

"በጥናት እንዲህ አይባልም፣ አያ።"

"አንተስ? ከዚያው ምንጭ ጠጥተህ ከጉሮሮህ አልቅት ያወጣሁልህ እኔ አይደለሁም?"

"ነዎት። እኔማ አውቃለሁ። እኔ የማውቀው ግን ማስረጃ አይሆንም።"

በዚያ ክረምት የልጅ ልጁን ናዝራዊትን ሁለት ጊዜ በቃሬዛ ጤና ጣቢያ አወረዷት። ሦስት ዓመት አልሞላትም፤ ከተቅማጡ የተረፈው ዓይኗ ብቻ ነበር። ዓይናዲስ ለመጀመሪያ ጊዜ በባሏ ላይ ቃል አወጣች።

"ያች ጠያቂ ተማሪ አንድ ጣሳ ነው የጠጣች። እኛ ይኸው እስካሁን።"



በጥር ወር ዩኒቨርሲቲው የጥናቶቹን ውጤት ለኅብረተሰቡ ሊያበሥር ጎንደር ባለ አንድ ሆቴል አዳራሽ ስብሰባ ጠራ። አያ የሻውም የማኅበረሰብ ተወካይ ተብሎ ተጋበዘ። ምንይችልም ነበር። በእያንዳንዱ ሰው ፊት ክዳኑ ያልተነካ የፕላስቲክ ውኃ ቆሟል። ጽጌሬዳ መድረክ ላይ ወጥታ ስለ ኮሶ ምንጭ ተናገረች፤ መቶ በመቶ የሚለው ግድግዳው ላይ በአረንጓዴ ቀለም በራ። ተጨበጨበ። ሰብሳቢው ፕሮፌሰር ህሩይ "ከማኅበረሰቡ ሐሳብ ካለ" አሉ፣ አይኖርም ብለው።

አያ የሻው ተነሣ። "የሻው እባላለሁ። መላሽ ቁጥር አንድ እኔ ነኝ።"

"አባቴ፣ ማንነትዎን መግለጽ አይጠበቅብዎትም። መብትዎ ነው።"

"መብቱ ይቅርብኝ። ጥያቄ ሃያ ሦስት ላይ ዋሽቻለሁ። ልጅቱን ቆሻሻ ውኃ አጠጥቻት ነበርና ፊት ፊቷን እያየሁ 'ቆሻሻ ነው' ማለት አፈርሁ።"

ሰባ ዓመት የተጠበቀ ጨዋነት በአዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት እንዲህ ወደቀ። ጽጌሬዳ አንገቷን ደፋች። ያን ጊዜ ሳምንት ሙሉ ሆዷን ያመማት ፒያሳ በበላችው ክትፎ መስሏት ኖሯል።

ፕሮፌሰሩ ግን ደስ አላቸው። "እጅግ ጠቃሚ ነጥብ ነው። መላሽ ለጠያቂው አዝኖ መልስ መስጠቱ ራሱን የቻለ የጥናት ርእስ ይወጣዋል።" ከኋላ ሁለት ተማሪዎች ማስታወሻ ሲይዙ ታዩ። መልሱን መለወጥ ግን አይቻልም፤ ጥናቱ ታትሟል። አዲስ ጥናት ንድፈ ሐሳብ ይፈልጋል፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ይፈልጋል፣ በጀት ይፈልጋል፤ ሁሉም ከቀና ሁለት ዓመት። ምንይችልም ዩኒቨርሲቲው ደብዳቤ ከጻፈ ነገ እንደሚጀምር ተናገረ። ዩኒቨርሲቲው የሚጽፈው ግን ወረዳው በደብዳቤ ከጠየቀ ነው። ሰብሳቢው ሰዓታቸውን አይተው ምሳ መድረሱን አበሠሩ፤ ወንበር መንኳኳት ጀመረ።

አያ የሻው አልተቀመጠም። ወደ በሩ የሚያልፈውን ሁሉ፣ ፕሮፌሰሩንም፣ ምንይችልንም፣ በመጨረሻ ጽጌሬዳንም እጁን ዘርግቶ ለመነ፦ "ሌላ አልጠይቅም። ያችን አንዲት መልስ ሰርዛችሁ 'ንጹሕ አይደለም' ብላችሁ ጻፉልኝ። ስሜንም ጨምሩበት፤ የሻው ዋሸ በሉ።"

የጻፈለት የለም።