ወይዘሮ ፈንታነሽ ለምን ይዞራሉ?

ደብረ ታቦር ውስጥ ሰው ያለ ምክንያት አይራመድም። ወደ ገበያ ይኬዳል፣ ወደ ለቅሶ ይኬዳል፣ ጎረቤት ለመክሰስ ወደ ፍርድ ቤት ይኬዳል። ዝም ብሎ የሚሄድ ሰው ግን ወይ አብዷል፣ ወይ የሚሸሸው ነገር አለ። ወይዘሮ ፈንታነሽ ይህን አሳምረው ያውቃሉ፤ ዕድሜ ልካቸውን ክር ከሚሸጡበት ሱቅ ደጃፍ ተቀምጠው አላፊ አግዳሚውን ሲቦጭቁ የኖሩት እሳቸው ናቸዋ።

ስኳር ይዟቸው የግራ እግራቸው መደንዘዝ ሲጀምር ሐኪሙ፣ "በየቀኑ በእግርዎ ይሂዱ፤ አለዚያ እግሩን ልናጣው እንችላለን" አላቸው።

"የት ልሂድ?"

"የትም። ዝም ብለው።"

"ዝም ብዬ? አንተ የማን አገር ሰው ነህ?"

ነገሩ ግን የእግር ነውና በማግስቱ ሸራ ጫማ አጥልቀው ወጡ። መንገዱ ለሁሉም ነገር ታስቧል፤ ለእግር ብቻ አልታሰበም። አስፋልቱ የባጃጅ ነው። የእግረኛው መንገድ የደሳለኝ ነው። ደሳለኝ የግንባታ ዕቃ ነጋዴ ሲሆን ቆርቆሮውንና የውኃ ታንከሩን እዚያ ደርድሮ፣ ራሱ መሐሉ ላይ በፕላስቲክ ወንበር ይነግሣል። ከዚያ የተረፈው የጎርፍ ቦይ ነው፤ ክዳኑን ደግሞ ሰው እየነቀለ የግቢው መረማመጃ አድርጎታል።

"ይህን አንሳልኝ፣ ልለፍ" አሉት።

"እትየ ፈንታነሽ፣ በዚያ በኩል ይዙሩ እንጂ።"

"በዚያ በኩል ባጃጅ አለ።"

"ባጃጅማ ዓይን አለው።"

የዚያ ቀኑ አልነበረውም። ሲሸሹት ቦይ ውስጥ ገቡ። ሰፈሩ ወጥቶ መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ ጎትቶ አወጣቸው። ስኳር ያለበት እግር ሲቆስል ቶሎ አይሽርም፤ ሐኪሙም በሁለተኛው ቀጠሮ መጋዝ የሚባል ቃል ተናገረ።

ለጥ ያለ፣ ባጃጅ የማይገባበት፣ ክዳኑ ያልተሰረቀ ቦታ አንድ ብቻ ቀረ፦ የሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር። ቁስሉ ጠገግ ሲልላቸው ጠዋት ጠዋት ነጠላቸውን አጣፍተው ይዞሩት ጀመር።

ጉዱ የመጣው ከዚህ ነው። ሰው ቤተ ክርስቲያን ሦስት ጊዜ ዞሮ፣ ተሳልሞ ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። እሳቸው ግን ላብ እስኪያጠምቃቸው ይዞራሉ። በመጀመሪያ "ስለት ነው" ተባለ። ሲበዛ "ንስሐ ነው" ተባለ። ጎረቤታቸው እመቤቴ ውኃ ወረፋ ላይ፣ "ኧረ ለስርቆት ይህን ያህል አይዞርም፤ ይሄ የነፍስ ነው" አለች። የማን ነፍስ? ሟች ባላቸው ደሞዜ አለ። ደሞዜን የገደለው አረቄ መሆኑን ቀባሪው ሁሉ ያውቃል፤ የቀበሩት አብረውት የጠጡት ናቸው። ነገር ግን ከአረቄ ወሬ አይወጣም፤ መርዝ ይሻላል።

ወሬው ከደብሩ አለቃ ከመምሬ አለሙ ጆሮ ደረሰ። አንድ ማለዳ መቋሚያቸውን አጋድመው አስቆሟቸው።

"ወይዘሮ ፈንታነሽ፣ ሸክሙ ከብዶዎታል። ለንስሐ አባትዎ ይናገሩና ይረፉ።"

"ምኑን?"

"ያደረጉትን።"

"ስኳር ነው መምሬ! ሐኪም ነው ሂጂ ያለኝ!"

መምሬ አለሙ ለነፍሰ ገዳይ ያዘጋጁት ምሕረት ነበራቸው፤ ለስኳር ግን አላዘጋጁም። "ታዲያ ይሄ የስፖርት ሜዳ ነው? ለጸሎት ከሆነ ይግቡ፤ ለላብ ከሆነ ውጭ!"

ውጭ ማለት ደሳለኝ ነው። ቁልቁል ሲወርዱ ሰው ሁሉ ዳር ዳሩን ያዘ። እመቤቴ ደጃፏ ላይ የነበረውን ጀሪካን ዘላ ከደነች። ወይዘሮ ፈንታነሽ ወሬ ከሩቅ ይሸታቸዋል፤ የራሳቸው ሆኖ ነው የዘገየባቸው። ጀሪካኑን አዩ፣ ገባቸው።

ደሳለኝ ወንበሩ ላይ ሆኖ ሻይ ይጠጣል።

"ዕቃህን አንሳ።"

"እትየ፣ ነገርኩዎት እኮ፣ በዚያ በኩል…"

ጎንበስ ብለው ብርጭቆውን አዩት። "ሻይ ነው?"

"ነው።"

"ደሞዜም ሻይ ይወድ ነበር።"

ደሳለኝ ብርጭቆውን ቀስ አድርጎ መሬት አስቀመጠ። ቆርቆሮው ከቀትር በፊት ገባ። ታንከሩም ተከተለ። የቦዩ ክዳን ደግሞ፣ ከማን ግቢ እንደመጣ ሳይታወቅ፣ በማግስቱ ቦታው ላይ ተገኘ።

ከዚያ ወዲህ ሸራ ጫማቸው ከማዕዘኑ ብቅ ሲል ደሳለኝ ዕቃውን ያስገባል፤ ሲያልፉ መልሶ ያወጣል። ሰላም የሚላቸው የለም፤ እሳቸውም ማንንም አይሉም። የግራ እግራቸው ግን እስካሁን ከእሳቸው ጋር ነው።

ይህን ያዩ ስኳርና ደም ብዛት ያለባቸው ሴቶች ማዕዘኑ ላይ እየጠበቁ ከኋላ ከኋላቸው ይከተሉ ጀመር። የፊተኛዋ ያችው እመቤቴ ናት። ባለፈው ሰሞን ወይዘሮ ፈንታነሽ ዞር አሉባት።

"ምን ትከተይኛለሽ?"

"አንቱ ሲያልፉ ነዋ መንገዱ የሚከፈተው። እግራችንን ብናፍታታ ብለን…"

"ሂጂና የራስሽን ባል ቅበሪ!"

ይህን ብለው እርምጃቸውን አፈጠኑ። እመቤቴም አፈጠነች።