የጨረቃ ብስኩት ቀማሽ

ባለፈው ረመዳን በሃያ ዘጠነኛው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ የተቆላ ለውዝና የቫኒላ ሽታ ተቃቅፈው በክፍሌ በር ሥር ገቡ። እኔ በቴክሳስ፣ በሌዊስቪል ከተማ፣ በልጄ በሰሚራ ቤት፣ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ፣ በአንድ እጄ የልብ መድኃኒቴን፣ በሌላው አንድ ብርጭቆ ውሃ ይዤ ነበር። ሐኪሜ እንዳልጾም አጥብቆ ከልክሎኝ ሳለ፣ ለሰሚራም ሆነ ለማንም ሳልናገር፣ ወሩን ሙሉ በሬን ዘግቼ መድኃኒቴን እየዋጥሁ፣ ሲመሽ እንደ ጾመኛ ከቤተሰቡ ጋር በቴምር አፈጥር ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ የሌላውን ሰው ስሕተት በቀይ ቀለም ሳርም የኖርሁ የኬሚስትሪ መምህር ነኝና፣ የገዛ አካሌ እንደ ደከመ በአፌ መናገር ከብዶኝ ነበር። ሽታው ሲደርሰኝ ግን ብርጭቆው በእጄ እንደ ተያዘ ቆየ፤ ግድግዳው ቀስ እያለ ራቀ፤ ከማዶውም ደሴ፣ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጉም፣ እስከ ክርኗ በዱቄት የነጣችው እናቴም ብቅ አሉ።

እናቴ በዚያ ዘመን በከተማችን ይሠራ በነበረ አንድ የውጭ አገር ሐኪም መኖሪያ ቤት ምግብ አብሳይ ነበረች። የሐኪሙ ሚስት፣ ሁላችንም ማዳም የምንላት ቀጭን ሴት፣ በየዓመቱ ታኅሣሥ ሲጋመስ፣ የደሴ ብርድ ሰውን ሁሉ በጋቢ ጠቅልሎ በሚያስቀምጥበት ወቅት፣ ለአገሯ የገና በዓል ከቅቤ፣ ከዱቄትና በፖስታ ከሚመጣላት ለውዝ መሰል ፍሬ ትንንሽ ቆልማማ ብስኩቶች ጋግራ፣ ገና ትኩስ እንዳሉ በቫኒላ ስኳር ታንከባልላቸው ነበር። እናቴ መጀመሪያ ያየቻቸው ዕለት እጇን አፏ ላይ ጭና፣ «ማዳም፣ ይሄማ የገና አይደለም፤ ይሄ የኢድ ጨረቃ ነው!» ብትላት፣ ማዳም ከልቧ ስቃ፣ የቀረውን ሊጥ ወደ እናቴ ገፋ አድርጋ፣ «እንግዲያው አንቺ ሥሪው» አለቻት። ከዚያ ወዲህ ያ ብስኩት በእኛ ቤት «ጨረቃ» ተብሎ ከዓመት ዓመት ለኢድ የሚጋገር ሆነ።

የማዳም ፍሬ በደሴ ገበያ ስላልነበረ እናቴ በለውዝ ተካችው። ለውዙን ለዘብ ባለ እሳት ቆልታ፣ በመዳፏ አሽታ፣ ገለባውን እፍ ብላ አባርራ በሙቀጫ ትወቅጠው ነበር፤ ዘይቱን ከማውጣቱ በፊት ማቆም ያለባትንም ቅጽበት በጆሮዋ ታውቀው ነበርና፣ የዘነዘናው ድምፅ ከደረቅ ወደ እርጥብ ማዘንበል ሲጀምር እጇን ወዲያው ትሰበስብ ነበር። ለጋውን ቅቤ በቀዝቃዛ ውሃ ሦስት ጊዜ አጥባ፣ ከፉርኖ ዱቄቱ፣ ከለውዙና ወቅጣ ካላመችው ስኳር ጋር በጣቶቿ ጫፍ ብቻ ታዋሕደው ነበር፤ «መዳፍ ሙቀት አለው፣ ሊጡን ያስለቅሰዋል» ትል ነበር። ከዚያ እንደ ትንሽ ጣት አድቦልቡላ፣ ሁለቱን ጫፎች አሹላ፣ ወደ ውስጥ አጠፍ ስታደርገው፣ በትሪው ላይ አንድ በአንድ ጨረቃ ይወጣ ነበር። ትሪዎቹን እኔና ታላቅ እኅቴ ሐዋ ተሸክመን ወደ ሰፈሩ ዳቦ ቤት እንወስድ፣ ጋጋሪውም የዕለቱ ዳቦ ወጥቶ የምድጃው ጉልበት ሲበርድ ያስገባልን ነበር።

ሆኖም ይህ ሁሉ የሚሠራው ቤተሰቡ ጾም ላይ እያለ ስለ ነበር፣ ሊጡን የሚቀምስ አልነበረም። ጾመኛ በምላሱ ጫፍ ነክቶ ቢተፋው ችግር የለውም የሚሉ ጎረቤቶች ነበሩ፤ እናቴ ግን ይህን አትወድም ነበር። ስለዚህ በእኛ ሰፈር እያንዳንዱ ቤት ለጾም ያልደረሰ አንድ ሕፃን በቀማሽነት ይሾም፣ የወጡን ጨው፣ የሾርባውን ቃሪያ እርሱ ቀምሶ ይፈርድ ነበር። በቤታችን ይህን ሹመት ከአምስት ዓመቴ ጀምሮ የያዝሁት እኔ ነበርሁ። ረመዳን በየዓመቱ ዐሥራ አንድ ቀን ያህል ወደ ኋላ የሚጓዝ ወር ነውና፣ የመጀመሪያውን ጨረቃዬን ግንቦት ሲገባ፣ የሚቀጥሉትን በሚያዝያ ነፋስ መካከል እንደ ቀመስሁ አስታውሳለሁ። እናቴ በሊጡ ላይ እንዳጎነበሰች፣ «ቀማሼ የት አለ? ና የኔ አባት፣ ፍረድ!» ስትል፣ እኔም ዓይኔን ጨፍኜ፣ ከሚገባው በላይ ቆይቼ፣ «ትንሽ ስኳር ይጨመር» እል ነበር፤ ሐዋም፣ «ሆዳም ዳኛ! ስኳሩን ለፍርድ ነው ወይስ ለሆድህ?» ብላ በቁንጥጫ ትሸኘኝ ነበር።

ዘጠኝ ዓመት በሞላኝ በጋ ሐኪሙና ማዳም ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ እናቴም ሥራዋን አጣች። ማዳም ስትሰናበት ባዶ የዱቄት ወተት ቆርቆሮዎችና አንድ ብልቃጥ ሰጠቻት፤ በብልቃጡ ውስጥ፣ በስኳር ተቀብሮ፣ እንደ ደረቀ የባቄላ ቆባ የጠቆረ አንድ የቫኒላ ፍሬ ነበር። በመሐል ከተማ ሻይ ቤት የነበራቸው ሐጂ ሰይድ የእናቴን የእጅ ሙያ ሰምተው፣ «የኢድ ዕለት ጠዋት ሁለት ትሪ አምጪልኝ፤ እንግዶቼ ከወደዱት ዓመቱን ሙሉ ከአንቺ ሌላ አልፈልግም» አሏት። አባቴ ካረፈ ሁለት ዓመት ሆኖት ስለ ነበር፣ ቤታችን በዚያ ዓመት በእነዚያ ሁለት ትሪዎች ላይ ቆመ። እናቴ የመጨረሻዋን ቫኒላ ለዚያ ቀን አስቀመጠች፤ ብልቃጡንም እያነሳች በብርሃን ታየው ነበር።

መጋቢት መጣ፤ የበልግ ዝናብ በቆርቆሮው ጣራ ላይ ሲዘንብ ዋለ። ሐዋ ከጥቂት ቀናት በፊት፣ «ሰው ሁሉ ጾሞ ለኢድ ሲደርስ፣ አንተ የምታከብረው የቀመስኸውን ነው!» ብላኝ ስለ ነበር፣ ነገሩ እንደ እሾህ ተሰክቶብኝ፣ የመጨረሻውን ቀን ከነጋ እስኪመሽ ልጾም ቆረጥሁ። በዚያ በጋ ታምሜ ስለ ነበር እናቴ እንደማትፈቅድልኝ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ቁርሴን በስውር ለጎረቤት ውሻ ጣልሁ። ሆዴ ሲጮኽ፣ ዝናቡ ሲያባራና ሲመለስ፣ እኔ ደጃፉ ላይ ተቀምጬ፣ አየሩ ከወትሮው የቀለለ፣ ዛፎቹም ወደ እኔ የተጠጉ ይመስለኝ ነበር። በዚህ መካከል ነበር፣ «ቀማሼ የት አለ?» የሚለው ድምፅ የመጣው።

እናቴ አንድ ቁራሽ ሊጥ በጣቶቿ ይዛ ጠበቀችኝ። ተቀብዬ ከተከደነ ከንፈሬ ላይ አስነካሁት፤ ወደ ግድግዳው ዞሬ በሹራቤ እጅጌ ውስጥ ደበቅሁት፤ አገጬንም እንደሚያላምጥ ሰው ጥቂት አንቀሳቀስሁ። «እንዴት ነው?» አለችኝ። «ማር ነው!» አልሁ። ወዲያው ግንባሬን ስማ ወደ ማድቦልቦሉ ተመለሰች፤ በፊቷ ላይ ከበጋው ወዲህ ያላየሁት ቅለት ነበር።

ሲመሽ ሰማዩ በምዕራብ በኩል ተከፈተ፤ ልጆች ጣራ ላይ ወጥተው፣ «ታየች! ታየች!» እያሉ ጮኹ፤ እውነትም ከተራራው ትከሻ በላይ እንደ ጥፍር የቀጠነች ጨረቃ ነበረች። እናቴ በቴምር አፈጠረች፤ ከዳቦ ቤት ተጋግሮ ከተመለሰው ትሪ አንዱን ብስኩት አንሥታ በቀጭኑ ጫፍ ነከሰችው። መጀመሪያ ፈገግ አለች፤ ላዩ ቫኒላና ስኳር ነበርና። ቀጥሎ ፊቷ ባለበት ቆመ። ሌላ ነከሰች፣ ሌላም። ውስጡ ጨው ነበር። የተወቀጠው ስኳርና የተወቀጠው የአሞሌ ጨው በማዳም ሁለት ተመሳሳይ ቆርቆሮዎች ተቀምጠው ስለ ነበር፣ ሐዋ በጥድፊያ ያቀበለቻት የማይገባውን ቆርቆሮ ነው። ሐዋን አልወቅሳትም፤ ቀማሽ የተሾመው ለዚሁ ነበርና።

«ቀምሰህልኝ አልነበረም እንዴ?» አለች፣ ድምፅዋን ሳታነሣ።

«አልቀመስሁም።»

«ታዲያ ማር ነው ያልኸኝ?»

«ጾሜ ነበር።»

ተነሥታ ውሃ ቀዳችልኝ፤ ቴምሩን ወደ አፌ አቀረበች፤ «እስካሁን አላፈጠርህማ!» አለች። ስጠጣ እጇ ከራሴ አልተነሣም። በመጨረሻ ግን፣ ለራሷ እንደምትናገር ሆና፣ «ብትነግረኝ እኮ፣ ልጄ፣ የጎረቤቱን ሕፃን እጠራ ነበር» አለች። እስከ ዛሬ በሕይወቴ ከደረሰብኝ ወቀሳ ሁሉ ይህንኛውን ከነድምፁ አስታውሰዋለሁ።

በማግስቱ፣ ሰዉ ገና ወደ ሶላት ሳይወጣ፣ ነጠላዋን ተከናንባ፣ እኔን በእጅ ይዛ፣ ያለ ትሪ ወደ ሐጂ ሰይድ ሄደች። «ሐጂ፣ ዘንድሮ እጄ ተሳሳተ፤ ለእንግዳ የሚሆን አይደለም» አለቻቸው። ስለ እኔም ስለ ሐዋም አንዲት ቃል አልተናገረችም። ሐጂ፣ «አብሽሪ፣ ለከርሞ ይደረሳል» አሉ፤ ነገር ግን ለከርሞ የከረሜላና የብስኩት ነጋዴ ሌላ ሰው አገኙ። ክረምቱ ሲገባ እናቴ የአንድ ሆቴል አንሶላ በቀዝቃዛ ውሃ ታጥብ ነበር፤ ማታ ማታም ጣቶቿን አጥፋ መዘርጋት ሲያቅታት፣ በጭኖቼ መካከል አድርጌ አሞቅላት ነበር። ኢድ በየዓመቱ ወደ ኋላ እየተጓዘ በየካቲት፣ በጥር፣ በታኅሣሥም መጣ፤ እኔም በይፋ ጾመኛ ሆንሁ፤ እርሷም ጨረቃውን ያለ ቫኒላ ጋገረች፤ የዚያን ዓመት ነገር ግን እስክትሞት ድረስ በማንም ፊት አላነሣችውም።

ብርጭቆውን አስቀምጬ ወደ ማዕድ ቤት ወጣሁ። ረመዳን ዓመቱን ሁለት ጊዜ ዞሮ በስድሳ ስድስት ዓመት ወደዚያው መጋቢት ተመልሶ ነበር፤ በመስኮቱም የቴክሳስ ነፋስ የጎረቤቱን ዛፍ ሐምራዊ አበባ በመኪናዎቹ ላይ ይበትን ነበር። ሰሚራ ከምትሠራበት የግራንድ ፕሬሪ መጋዘን ኦፍ ወስዳ፣ ለኢድ ሶላት ተሰብሳቢዎች ሁለት መቶ ጨረቃ ለማድረስ ትጣደፍ ነበር፤ የመጀመሪያው ለውዝ ተቆልቶ፣ ሊጡ ተዘጋጅቶ፣ ገና አንዱም አልተጋገረም።

«ሂባ! ከም፣ ማሬ፣ ቅመሺልኝ፤ ኦቨኑ ሞቋል፣ ሶ ቶሎ በይ» አለች። የልጅ ልጄ ሂባ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ቁራሹን ተቀበለች፤ ከንፈሯ ላይ አስነካችው፤ ወደ ማቀዝቀዣው ዞር ብላ እጅጌዋን ነካ አደረገች፤ አገጯም ሁለት ጊዜ ተንቀሳቀሰ።

«ኢት ኢዝ ጉድ» አለች።

አጠገቧ ቆሜ ነበርና ጎንበስ ብዬ በጆሮዋ፣ «ፋስት እያደረግሽ ነው?» አልኋት። ዓይኗ እንባ አቀረረ። «አባባ፣ ፕሊስ፣ ለማሚ እንዳትነግራት። ዛሬ ብቻ ነው።»

ሰሚራ ትሪውን አንሥታ ነበር። አሁን ልናገር የምችለው ሁለት ነገር ብቻ መሆኑ ገባኝ፤ አንደኛው የሂባ ምስጢር፣ ሁለተኛው የእኔ። እጄን ወደ ሊጡ ዘርግቼ፣ አንድ ቁራሽ ቆርሼ፣ በሁለቱም ፊት ጎረስሁ።

«አባባ!» አለች ሰሚራ። «ጾምዎን ረሱት እንዴ?»

«አልረሳሁም። ወሩን ሙሉ አልጾምሁም፤ ሐኪሙ ከልክሎኛል።»

ሂባ እንባዋን ረስታ አፏን ከፈተች። «ዌይት! አባባ፣ ፌክ እያደረግህ ነበር?»

«ፌክ ሳደርግ ነበር» አልሁ፤ ቃሉም ከአፌ ሲወጣ የሚገባኝን ያህል ከበደ።

ሰሚራ ትሪውን አስቀመጠች። «ታዲያ ያንን ሁሉ መድኃኒት በባዶ ሆድ ነው የሚውጡት? ወላሂ፣ ቢነግሩኝ እኮ ምሳ ሠርቼ ነበር የምወጣው!» አለች፤ እየተቆጣችም ወንበር ሳበችልኝ። እኔ በዚያ ቁጣ ውስጥ የሌላ ሴት ድምፅ ሰምቼ፣ ወንበሩ ላይ ተቀመጥሁ። ከዚያ፣ «ከእንግዲህ በዚህ ቤት ቀማሽ እኔ ነኝ፤ ሂባ ከሥራዋ ተሰናብታለች» አልሁ፤ «ሊጡ ስኳሩ ልክ ነው። አስገቢው።»

ያን ጊዜ ጨረቃን ጣራ ላይ የወጡ ልጆች በጩኸት ያበሥሯት ነበር፤ ዛሬ በሰሚራ ስልክ ላይ አጭር መልእክት ሆና ትመጣለች። ያን ጊዜ ለመቅመስ ሕፃን መሆን ያስፈልግ ነበር፤ ዛሬ ለዚያ ሹመት ያበቃኝ እርጅና ነው። በዚያ ምሽት ሂባ በቴምር አፈጠረችና፣ ከትሪው አንዱን አንሥታ፣ በቀጭኑ ጫፍ ነክሳ፣ ቀስ ብላ እያላመጠች ወደ እኔ ተመለከተች። እናቴ በደሴ ሰማይ ሥር የነከሰችው ጨረቃ ላዩ ስኳር፣ ውስጡ ጨው ነበር፤ የሂባ ግን እስከ ውስጡ ድረስ አንድ ዓይነት ነበር።