የአባቴ ልብና «ሳውንድ» የምትለው ቃል

ልጅ እያለሁ፣ በደርግ ጊዜ፣ ሎጊያ ውስጥ እንግሊዝኛ ያነባሉ ከሚባሉት ጥቂት ልጆች አንዷ ነበርኩ፤ ገና ስድስተኛ ክፍል። አባቴ የአሰብ መስመር ሾፌር ነበር። ቤት ሲመጣ የናፍጣ ሽታው ቀድሞት ይገባል፣ በማግስቱ ደግሞ የለም።

አንድ ሰሞን ደረቱን ወጋ ወጋ ሲያደርገው ዱብቲ ሄዶ ተመረመረ። ሐኪሙ አማርኛ የማይችል ፈረንጅ ስለነበር ወረቀት ጽፎ ሰጠውና ትከሻውን መታ መታ አድርጎ ሸኘው። አባቴ ነገሩን እንደ መጨረሻ ስንብት ቆጠረው። ቤት እንደደረሰ ወረቀቱን ዘረጋልኝ።

«እስቲ አንብቢልኝ፣ ዘሃራ።»

ከዚያ ሁሉ ጽሑፍ የለየሁት ሁለት ቃል ብቻ ነው፤ «ኸርት» ልብ፣ «ሳውንድ» ድምፅ። «ልብህ ድምፅ አለው ይላል» አልኩት፣ በማወቄ እየኮራሁ።

እናቴ ሻይ እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ሞተር ድምፅ ካወጣ ምን ማለት እንደሆነ ለሾፌር አይነገርም። አባቴ መኪናውን ለሌላ አስረክቦ ፍራሽ ላይ ተኛ። በሦስተኛው ቀን እናቴን «ልጆቹን ይዘሽ ወሎ ወንድሜ ዘንድ ግቢ። እኔ የአላህ ነኝ» ሲላት ከበር ሆኜ ሰማሁ።

ወረቀቱን ይዤ እንግሊዝኛ ወደሚያስተምረን መምህር ታደሰ ቤት በረርኩ። ለአባቴ ያልኩትን ነገርኩት፤ አንብቦ ሳቀ። እኔ አለቀስኩ።

«ዋና ምንድን ነው?» አለኝ።

«ወንዝ ውስጥ የሚዋኙት።»

«ታዲያ ዋናው መንገድ ስንል መንገዱ ይዋኛል? የእንግሊዞቹም ቃል እንዲሁ ነው። ድምፅ የሚባለው ሳውንድ ከሮማውያን ቋንቋ በፈረንሳይ በኩል የመጣ ነው። ይሄኛው ግን የጥንት የራሳቸው ቃል ነው፤ ጤናማ ማለት ነው። የአባትሽ ልብ ደህና ነው። የወጋው ጡንቻ ነው ይላል።»

ቤታችን ድረስ መጥቶ ለአባቴ ደገመለት።

«እርግጠኛ ነዎት፣ መምህር?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

«አልሃምዱሊላህ!» አባቴ ብድግ አለ። እናቴ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ሳቅና ለቅሶ ቀላቀለች። እኔ ጥፊ እየጠበቅኩ ከውሃ በርሜሉ ኋላ ተደብቄ ነበር፤ አባቴ ጎትቶ አወጣኝና ግንባሬን ሳመኝ። «ግማሹን አውቀሻል። ግማሹን ደግሞ ተማሪ» አለኝ።

አሁን የምኖረው ሰመራ ነው፤ ያኔ ንፋስ ብቻ ይነፍስበት የነበረ ሜዳ። ልጄ ቃል ሲከብዳት ስልኳን ነካ ታደርጋለች፣ ትርጉሙ ከነትውልዱ ይዘረዘርላታል። እሰየው፣ እንደ እኔ ቤተሰብ አታሸብርም። ግን አባቴ ዕድሜውን ሙሉ መንገድ ላይ የኖረ ሰው ነው። በልጅነቴ ሦስት ቀን ሙሉ ከጎኑ የዋልኩት፣ ምሳ አብሬው የቆረስኩት፣ በዚያች ስህተቴ ሰበብ ብቻ ነው።