ዲስኬት ያልበቃቸው ዓመታት

ለአዲሱ ኮምፒዩተር በሬ ታርዶለታል። ንፋስ ስልክ በነበረው የክር ፋብሪካችን ግቢ ድንኳን ተተከለ፤ ከበላይ መሥሪያ ቤት የመጡ ጓዶች ሪባን ቆረጡ፣ ጥሬ ሥጋቸውን በሉ፣ አጨብጭበን ሸኘናቸው። በማግስቱ እኔ ዲስኬት ስጠይቅ ግን የውጭ ምንዛሪ የለም ተባልኩ። ይኸው ስንት ዘመን አልፎም ያ በሬ ትዝ ሲለኝ ደሜ ይፈላል።

እኔ የአሮጌው ኮምፒዩተር ኦፕሬተር ነበርኩ። እናቴ ደግሞ እዚያው ፋብሪካ ክር ማጠንጠኛ ክፍል ትሠራለች። ከደቡብ መጥታ የተቀጠረችው ገና ልጃገረድ ሳለች፣ ፋብሪካው የአንድ ጣሊያናዊ በነበረበት ጊዜ ነው። ጣሊያኑ ተወርሶበት ሲሄድ እሷ እዚያው ማሽኗ ላይ ቀረች። ጠቋሚ ጣቷ ላይ ክሩ ፈልፍሎ ያወጣው መስመር ነበር፤ ልጅ ሆኜ በጥፍሬ እየተከተልኩ እጫወትበት ነበር። ያኔ ሰፈራችን ላፍቶ ገና ማሳ ነው፤ እኔም ሥራ ከያዝኩ በኋላ ጠዋት ጠዋት በጤፉ መሀል ባለችው ቀጭን መንገድ አብረን ወደ ሥራ እንወጣለን።

እናቴ ጴንጤ ናት። የጸሎት ቤታቸው ታሽጎ በየሰው ጓዳ ተደብቀው ነበር የሚጸልዩት። በፋብሪካው በየሳምንቱ የውይይት ክበብ አለ፤ ሲከፈትም ሲዘጋም ግራ እጅ ተነስቶ መፈክር ይባላል። እሷ እጄን የማነሳው ለጌታ ብቻ ነው ብላ ለዓመታት ደጁን ረግጣ አታውቅም። የክፍሏ አለቃ እንደሷ የሚሠራ ሰው ስለሌለው አይቶ እንዳላየ ያልፋታል። እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ለኮምፒዩተሩ ስታጭ ግን ነገሩ ተነሳ።

"እናትሽ ለአብዮቱ እጇን የማታነሳ ከሆነ፣ ላንቺ የፋብሪካውን መረጃ እንዴት አምነን እንሰጥሻለን?" አለኝ የሠራተኛው ኮሚቴ ሊቀመንበር።

ቤት ገብቼ ነገርኳት። ዝም አይነቅዝም የምትል ሴት ናት። በሳምንቱ ክበቡ ውስጥ፣ መጨረሻው አግዳሚ ላይ ተቀምጣ አየኋት። መፈክሩ ሲነሳ እጇን እስከ ጆሮዋ ድረስ ብቻ ከፍ አደረገች። እራት ስናቀርብ አልቀመሰችም። ጾም ይዘሽ ነው ብላት፣ "አይ፣ ምግቡ አልወርድ አለኝ" አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔም ሥራውን አገኘሁ።

የመጀመሪያ ሥራዬ የሠራተኛውን ሁሉ ካርድ ኮምፒዩተር ውስጥ ማስገባት ነበር፤ ማን መቼ ተቀጠረ፣ የት የት ሠራ። በጣሊያኑ ጊዜ የተጻፉት ካርዶች ብልና አይጥ የተጫወተባቸው ነበሩ፤ አንዳንዱን በፀሐይ ብርሃን ነው ያነበብኩት። የክር ማጠንጠኛ ሴቶች "ዘመናችሁ ኮምፒዩተር ገባላችሁ" ስላቸው ይስቁብኝ ነበር። "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" ይሉኛል። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ጨርሼ ሳስረክብ የንብረት አስወጋጁ ኮሚቴ፣ ወረቀቱ ከእንግዲህ ምን ያደርጋል ብሎ ካርዱንም የጣሊያኑንም መዝገብ ለሱቆች ሸጠው። ያኔ የመጠቅለያ ወረቀት ብርቅ ነው። አንድ ቀን የገዛሁት ጨው በአናጢያችን ካርድ ተጠቅልሎ መጣልኝ።

ከዚያ ነው አዲሱ ኮምፒዩተር በሬ አሳርዶ የገባው። አሮጌው ለሌላ ፋብሪካ እንዲሰጥ ተወሰነ። መረጃው ሁሉ በአሮጌው ሆድ ውስጥ ስለነበረ በዲስኬት እየገለበጡ ማሻገር ያስፈልግ ነበር። እኔም ፋይሎቹን በየዘርፉ ለይቼ፣ የማይረባውን አጥፍቼ፣ ከእያንዳንዱም ሁለት ሁለት ቅጂ እንዲኖረን አስቤ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ሄድኩ።

"አሮጌውን ዲስኬት መልሺና አዲሱን ውሰጂ" አሉኝ የግምጃ ቤቱ ኃላፊ።

"ጋሼ፣ አሮጌ እኮ ኖሮኝ አያውቅም።"

"እንግዲያው እስካሁን ያለሱ ከሠራሽ አሁንም ያለሱ ሥሪ። መጥረጊያም ቢሆን አሮጌው ሳይመለስ አዲስ አይወጣም።"

በስንት ልመና፣ ከአዲሱ ኮምፒዩተር ጋር የመጣችው አንዲት ፓኮ ዲስኬት ተፈቀደችልኝ። ሁለት ቅጂው ቀርቶ አንዱም እንደማይበቃ ብነግራቸው፣ ለሌላ የውጭ ምንዛሪ የለም አሉኝ። ሊቀመንበሩ ቅደም ተከተሉን ኮሚቴው ይወስናል አለና ስብሰባ ጠራ። አንደኛ፣ የውይይት ክበቡ ተሳታፊዎች ስም፣ ክበቡ ከተቋቋመበት ቀን ጀምሮ። ሁለተኛ፣ የምርት ዕቅድ። ሦስተኛ፣ የመጋዘን ዕቃ። የሠራተኛው የአገልግሎት ዘመን መጨረሻ ላይ ተቀመጠ።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ እሱ ከጠፋ ሰው ጡረታ ሲወጣ ዘመኑ በምን ይቆጠራል?" አልኩ።

"የሠራተኛው ነገር ምን ያስጨንቅሻል? ሠራተኛው ራሱ አለ አይደል?" አለኝ። ቀጥሎም ወደ ሌሎቹ ዞሮ፣ "ይቺ ልጅ እናቷ ጡረታ ልትወጣ ስለደረሰች ነው" ብሎ አሳቀብኝ። አዎ፣ ለእናቴ ነበር። ለማን ላስብ ኖሯል?

ዲስኬቶቹ በመጋዘኑ ዕቃ መሀል ላይ አለቁ። አሮጌው ኮምፒዩተር ዲስኬት እስኪገኝ ይቆይልን ብዬ ተማጸንኩ፤ የተቀባዩ ፋብሪካ መኪና ግን በር ላይ ቆሟል። በርክክቡ መዝገብ የተጻፈው "ኮምፒዩተር፣ አንድ፣ ከነሽፋኑ" የሚል ብቻ ነው። መዝገብ ላይ የሌለ ነገር አይወጣም ተባለና ቴክኒሻኑ ሆዱን ባዶ እንዲያደርገው ታዘዘ። ሲጨርስ ሽፋኑን ያለበስኩት እኔ ነኝ። ሽፋኑ ቢጠፋ ከደመወዜ ይቆርጡኝ ነበር።

ዓመት ሳይሞላ የእናቴ ጡረታ ደረሰ። የሰው ኃይል ኃላፊው አዲሱ ኮምፒዩተር ውስጥ አስፈልጎ ስሟን ያገኘው በውይይት ክበቡ ዝርዝር ውስጥ ብቻ ነበር። የሥራ ጓደኞቿ ከጣሊያኑ ጊዜ ጀምሮ አብራን ናት ብለው ሊመሰክሩላት መጡ። የሰው ምስክርነት የሚሠራው ኮምፒዩተር ሳይኖረን ነበር ብሎ መለሳቸው። እናቴ ያን ጊዜ ቀረብ ብላ፣ ያቺን መስመር የወጣባትን ጣቷን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችለት።

ኃላፊው ጣቷን አየት አደረገና፣ "እማማ፣ ጣት ፋይል ውስጥ አይገባም" አላት።

ደብዳቤው ሲደርስ ተቀብላ መነጽሯን አድርጋ ራሷ አነበበችው። ፊደል የለየችው በመጽሐፍ ቅዱስ ነውና ቀስ እያለች፣ በጣቷ እየተከተለች ነው የምታነበው። ሥራ የጀመሩበት ቀን የሚለው ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። ስሟ በክበቡ ዝርዝር ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰፈረበት ቀን ነበር። ከዚያ በፊት የሠራችው ሁሉ የለም። የጡረታ አበሏን ለማግኘትም ዘመኗ አልሞላም ይላል።

እኔ አለቀስኩ፤ ሊቀመንበሩንም፣ ግምጃ ቤቱንም፣ በሬውንም ረገምኩ። እሷ አላለቀሰችም። ወረቀቱን አጠፈችው፣ መልሳ ዘረጋችው፣ እንደገና ያቺን ቀን አየቻት።

"ይቺን ቀን አውቃታለሁ" አለችኝ። "ከጌታዬ የተጣላሁባት ቀን ናት።"

ሥራ ከያዝኩ በኋላ ያቺን ቀን ከነስሟ ከክበቡ ዝርዝር ኮምፒዩተር ውስጥ ያስገባሁት እኔ ነበርኩ። ስጽፈው ደስ ብሎኝ ነበር።