ከንጹሕ ውኃ የወጣ ጥቁረት

ተማሪዎቿ «አጣቢዋ» ይሏታል። ኢንኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ማስተማር ከጀመረች ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። የፖሊስ ናሙና ወደ ዩኒቨርሲቲው መምጣት ከጀመረ ወዲህ ደግሞ የወንጀል ምርመራውንም ደርባ ይዛለች። የመስታወት ዕቃዋን ለማንም አታምንም፤ እጇ እስኪሰነጣጠቅ ራሷ ታጥባለች። ባልደረቦቿ አይወዷትም፤ እሷም እንዲወዷት ደጅ ጠንታ አታውቅም።

የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ የቀድሞ ተማሪዋ ነው፤ የፕሮፌሰርነት ማመልከቻዋ እሱ መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል። አንድ ሰኞ ጠዋት፣ አማቷን በአርሴኒክ መርዛ ገደለች ተብላ የታሰረች ሴት ጉዳይ ላይ የሠራውን ውጤት ይዞ መጣ። የቀረው የአጣቢዋ ሁለተኛ ፊርማ ነበር።

«ናሙናውን ሳትጨምር፣ በባዶ ውኃ ሞክረኸዋል?»

«በስንት መከራ የተገኘ ዚንክ ውኃ ላይ ላባክን? ይፈርሙ እንጂ፣ መምህርት።»

ቱቦ አጠበች። ለምርመራው የሚያገለግሉትን ዚንክና አሲድ ከንጹሕ ውኃ ጋር አዋሃደች፤ ጋዙ የሚያልፍበትን ቀጭን ቱቦ ከሥር በእሳት አጋለችው። አርሴኒክ ካለ መስታወቱ ላይ የሚያብረቀርቅ ጥቁረት ይይዛል። ከንጹሕ ውኃ ምን ሊወጣ? ጥቁረቱ ግን ወጣ። መርዙ ያለው ዚንኩ ውስጥ ነበር።

ኃላፊው በሩን ዘጋና አንቱታውን ጣለው።

«ስሚ፣ ይሄ የዚንክ ጠርሙስ ከተከፈተ ሁለት ዓመቱ ነው። በሱ ሦስት ሰው ተፈርዶበታል። ውጤቶቹ ላይ የማን ፊርማ አለበት?»

«ያንተ።»

«ከሥሩስ?»

ከሥሩ የሷ ነበር። ያኔ «በባዶ ሞክሬዋለሁ» ሲላት አምናው ፈርማለች። ለማንም ዕቃ የማታምን ሴት፣ ቃል አምና ነበር።

«እኔን ከጣልሽ አብረሽኝ ትወድቂያለሽ። ማዕረግሽን ይዘሽ በክብር ጡረታ ውጪ። ከራስ በላይ ነፋስ።»

«የታሰሩትስ?»

«የፈረደባቸው ዳኛው ነው።»

በማግስቱ የዚንኩን ነገር ለፍርድ ቤቱ ጻፈች፤ ሦስቱን የራሷን ፊርማዎች ከነቀናቸው ዘረዘረች። የፕሮፌሰርነት ማመልከቻዋ በአንድ መስመር ውድቅ ተደርጎ ተመለሰላት። መምህራን ክፍል ስትገባ ወሬ ይቆማል፣ ስትወጣ ይጀመራል።

«አጣቢዋ ዘንድሮ እኛንም ልታጥበን ነው።»

«እሷንስ ማን ያጥባት?»

የቀጠሮው ቀን፣ ፍርድ ቤቱ ኮሪደር ላይ የአንዱ እስረኛ እናት መንገድ ዘጋችባት።

«አንቺ ነሽ የፈረምሽው?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«ልጄ ከታሰረ ዓመት ከስድስት ወሩ። ሚስቱ ጥላው ሄደች። አሁን ነው የታየሽ? የእጅሽን ይስጥሽ።»

ሴትየዋ እስክትጨርስ ቆማ ሰማቻት። ከዚያ ገብታ በራሷ ላይ መሰከረች።